የሻምበሉ ደብዳቤና የሰባት ጉድጓድ ውሃ

ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምሽ ልጅ ስለ ድኅረ ምረቃ ምን አገባሽ የሚለኝ ካለ፣ ነገሩን ሰምቶ ይፍረድ።

በ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. አንድ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ነጭ ጋዝ ገዝቼ ስመለስ ጉርድ ሾላ አውቶቡስ ማቆሚያ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ጋሼ ዘርአጽዮንን አገኘኋቸው። ከልጃቸው ከዘውዲ ጋር ይከራከራሉ። ዘውዲ አራት ኪሎ የሳይንስ ተማሪ ናት፤ የሰፈራችንን የሰባት ጉድጓድ ውሃ መርምራ ጥናቷን ጨርሳለች። የዚያን ቀን ስምንት ሰዓት እንደሷ ያጠኑ ተማሪዎች ሥራቸውን ለድኅረ ምረቃ መምህራን ያሳያሉ። መምህር የተቀበለው ይቀጥላል፤ ያልተቀበለው ወደ ተመደበበት ክፍለ ሀገር ይሄዳል።

«ሰው በሰው ነው የሚገባው!» አሉ ጋሼ፣ ፖስታ ይዘው። «የሰፈራችን ሻምበል ‹ይህን ለመምህራኑ ስጡና ውጤቱን ንገሩኝ› ብለውኛል። ደግሞ ሴት ልጅ ሰው ፊት ቆማ ‹ይህን ሠራሁ› ትበል? ራስን ማመስገን ነውር ነው።»

«አቦይ፣ ስለ ውሃው እንጂ ስለ ራሴ አልናገርም። እስቲ ደብዳቤውን ያንብቡት።»

እኔ ቀደምኩና አነበብኩት፤ «የጨዋ ልጅ፣ አንገቷን የደፋች፣ ጠባይዋ የተመሰገነ» ይላል።

«ጋሼ፣ ሊድሯት ነው ሊያስተምሯት?»

«አንቺ ምላሰኛ! ገንዘቤ፣ ለእናትሽ እነግራለሁ!»

«ይንገሩ። ግን ረዳትዎ አብዱልጀባር ከአንድ ትልቅ ነጋዴ ወረቀት ይዞ ሥራ ሊለምን ሲመጣ ምን አሉት? ‹ወረቀት ጨርቅ አይሰፋም፣ እጅጌ ግጠምና አሳየኝ› አላሉትም?»

ጋሼ ደብዳቤውን ነጥቀው ፖስታው ውስጥ መለሱት። «ልብስና ትምህርት አንድ ነው እንዴ?»

«አይደለም፣» አለች ዘውዲ። «የተበላሸ ልብስ ተፈትቶ ይሰፋል። እኔ ተሳስቼ ንጹሕ ነው ያልኩትን ውሃ ግን ሕፃን ይጠጣዋል። ለዚህ ነው ስህተቴን የሚያይልኝ መምህር የምፈልገው።»

ጋሼ ዙሪያቸውን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሻምበሉስ? ምን እላቸዋለሁ?»

 አውቶቡሱ መጣ። ዘውዲ አልተሳፈረችም፤ አባቷን አየች። ጋሼ ግንባራቸውን ጠርገው ፖስታውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ግቢ። ሐሙስ ለኮታቸው ልኬት ይመጣሉ፤ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

እኔም ከነነጭ ጋዜ አባትና ልጁን ተከትዬ ተሳፈርኩ፤ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ።

አራት ኪሎ ስንደርስ አንድ ሽበታም መምህር ዘውዲን ጠየቋት። «ዝናብ በዘነበ በስንተኛው ቀን ቀዳሽ?»

«በሁለተኛው።»

«በአምስተኛውስ፣ ጎርፉ ከሰረገ በኋላ?»

«አልቀዳሁም። ጉድለቴ ነው።»

ጋሼ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። መምህሩ ግን ሳቁ። «እንግዲያው እኔ ጋ ተመዝግበሽ ትቀጂያለሽ።»

አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን ልብ በሉ። ልጅ ምን እንደሠራ ለሚያውቅለት ካሳየ፣ የጎደለው ይሞላለታል፣ አገርም ሠራተኛ ታገኛለች። የዘመድ ደብዳቤ ግን ጉድለትን ይሸፍናል እንጂ አይሞላም።

ሐሙስ ሻምበሉ መጡ። እኔ በር ላይ ነበርኩ። ጋሼ በሜትሩ የሻምበሉን ትከሻ ይለካሉ።

«ጓድ ሻምበል፣ ደብዳቤዎን አልሰጠሁም። ልጄ በሰባቱ ጉድጓድ ጥናቷ ተቀባይነት አገኘች።»

ሻምበሉ ፊታቸው ጠቆረ።  ግን እንዲህ አሉ፦

«ከሰባቱ ጉድጓድ የትኞቹ ናቸው የማይጠጡት? ቤት ልጆች አሉኝ።»