ከመላጨት መቀባት ይቅደም

(ደሴ፣ የስንዱ የአርባ ቀን ተዝካር በወጣ ማግሥት ጠዋት፤ ባሏ ገዛኸኝ ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ወንድሟ ደምሰው ምላጭ ይዞ ከፊቱ ቆሟል፤ ሁለቱም ከቀብሩ ወዲህ ጢማቸውን አልተላጩም።)

ደምሰው፦ አንገትህን ቀና አድርግ አልኩህ እኮ። ውሃው ሊቀዘቅዝብኝ ነው።

ገዛኸኝ፦ ቅባቱን ሳልቀባማ አይሆንም። ያቺ ቡናማ ጠርሙስ መስኮቱ ላይ ናት፤ አምጣት።

ደምሰው፦ ሙቅ ውሃ አለ፣ ሳሙና አለ፣ አዲስ ምላጭ አለ። ቅባት ምን ይሠራል? ልላጭህ ነው ወይስ ልጠብስህ?

ገዛኸኝ፦ የእኔን አንገት አታውቀውም። ሳይለሰልስ ከተላጨ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይበቅልና እብጠቱ ሽምብራ ሽምብራ ያክላል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ተብሏል፤ ከመላጨትም መቀባት ይቅደም።

ደምሰው፦ የተባለው ለቄስ ተማሪ ነው፣ ላንተ አገጭ አይደለም። ደግሞ ቅባት ሲነካው ምላጩ መቁረጡን ትቶ መንሸራተት ይጀምራል። ያኔ ለጉሮሮህ እወቅበት።

ገዛኸኝ፦ ይኸው፣ ጉሮሮ አነሳህ። ምላጩን የያዝክበትን እጅ ደግሞ ጋቢህ ውስጥ ከተትከው።

ደምሰው፦ ብርዱ ነው።

ገዛኸኝ፦ ፀሐይ ጀርባህን እየጠበሰችው?

ደምሰው፦ ስማ ገዛኸኝ፣ እናቴ ትናንት ከተዝካሩ በኋላ ወደ ኮምቦልቻ የተመለሰችው ልጅህን ልታመጣ ነው፤ አሁን ተነሥተዋል። ለምሳ ይደርሳሉ። ሶስና ባለፈው ምን እንዳደረገች ረሳኸው? ገና በር ላይ ስታይህ «ይሄ ሰውዬ ማነው» ብላ አያቷ ነጠላ ውስጥ ተደበቀች።

ገዛኸኝ፦ እንዴት እረሳለሁ? ከዚያ ወዲህ በተኛሁ ቁጥር የማየው እሱኑ ነው።

ደምሰው፦ እንግዲያው ተላጭና አባቷን ትይ።

ገዛኸኝ፦ ተላጭቼም ባታውቀኝስ? አሁን በጢሙ አመካኛለሁ። ከወረደ በኋላ በምን ላመካኝ?

ደምሰው፦ የአራት ዓመት ልጅ ናት እንጂ ዳኛ አይደለችም።

ገዛኸኝ፦ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሰፈሩስ? ወይዘሮ ጥሩወርቅ ገና ትናንት፣ ንፍሮውን እየዘገነች፣ ስለ አንዲት ጨዋ ዘመዷ ስትነግረኝ ዋለች። ጢሜን አይታ ነው እስካሁን ስሟን ያልነገረችኝ።

ደምሰው፦ እሷ በቀብሩ ዕለትም እንባዋን በአንድ ዐይን ነው ያፈሰሰችው፣ በሌላው ታማርጣለች። ተዋት። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው «ይብቃ፣ ሐዘኑን አውርዱ» ብለው መርቀዋል።

ገዛኸኝ፦ የመረቁት ሁለታችንንም ነው።

ደምሰው፦ እኔ ካንተ በኋላ። በል እንካ ጠርሙስህን። ይቺ ናት ይሄን ሁሉ ያስለፈለፈችህ? አንድ ሁለት ጠብታ ነው የቀራት።

ገዛኸኝ፦ ስንዱ ነበረች የምትቀባኝ። መዳፏ ላይ ታሞቀውና ከጆሮዬ ሥር ትጀምራለች። ልነሣ ስል «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ አርፈህ ተቀመጥ» ትለኛለች። ገጠር ለሥራ ስወጣ ግን ያለ ቅባት ነበር የምላጨው። አንገቴ አንድም ቀን አላበጠም።

ደምሰው፦ ታዲያ ለምን ውሃ ታቀዘቅዝብኛለህ?

ገዛኸኝ፦ ፈርቼ ነዋ። ጢሙ ከወረደ እኮ እውነትም ሞተች ማለት ነው።

ደምሰው፦ ወረደም አልወረደም ሞታለች፣ ወንድሜ።

ገዛኸኝ፦ እንዲህ ካወቅህ አንተ ለምን አልተላጨህም? ቤትህ መስታወት ጠፋ?

ደምሰው፦ ላንተ ብዬ ነው። ብቻህን እንዳይከብድህ።

ገዛኸኝ፦ ደግ። እንግዲያው ተነሣሁልህ፣ አንተ ተቀመጥ። ምላጩን ወዲህ በል።

ደምሰው፦ እኔ? አሁን?

ገዛኸኝ፦ ፈሪ ለናቱ ነው፤ እናትህ ደግሞ መንገድ ላይ ናት። እሷም የልጇን ፊት ትይ። ሙቅ ውሃ አለ፣ ሳሙና አለ፣ አዲስ ምላጭ አለ። አንገትህን ቀና አድርግ።

ደምሰው፦ ገዛኸኝ… ቆይ እስቲ። መጀመሪያ ቅባቱን።