እግሩ የወለቀው የስፌት መኪና

ደርግ ጊዜ ነው፤ ጅማ የስፌት መኪና እጠግን ነበር። አንድ ቀን ከበቾ ቦሬ ሰፈር አንዲት ሴት እያለከለከች መጣችና «ጎረቤቴ አደ ራህማ፣ መኪናቸው እግሩ ወልቋል! ልጃቸው ነገ ለውትድርና ይሄዳል፤ ብርድ ልብስ እየሰፉለት ነውና ቶሎ ድረስላቸው» አለችኝ። እግር የምንለው ጨርቁን ጫን አድርጎ የሚይዘውን ብረት ነው። አዲስ እግር ይዤ በረርኩ። ስደርስ አሮጊቷ መኪናውን ያለ እግር ያንደቀድቁታል! ጨርቅ የሚገፉትን ጥርሶችም በቁራጭ ቆርቆሮ ሸፍነዋቸዋል።

«አደ፣ ጣትዎን! መርፌው ይወጋዎታል!»

«ያወለቅሁት እኔ ነኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «እግር ካለው በቀጥታ ብቻ ነው የሚሄደው። ማሎ፣ እባክህ፣ ቁጭ በልና እይ።»

ቁጭ አልኩ። መሀሉ ጥጥ የተነጠፈበትን ድርብ ጨርቅ በሁለት መዳፋቸው ወዲያ ወዲህ ሲያንሸራትቱት፣ ወላሂ፣ መርፌው እንደ እርሳስ ይስላል! ንድፍ የለ፣ ጠመኔ የለ። የስፌቱ መስመር ጨርቁ ላይ ከሳሉት ከቤታቸው በር ወጣ፤ የጓሮውን ቡና ቅጠል በቅጠል፣ ፍሬ በፍሬ ዞረና ተመልሶ እዚያው በር ላይ ቆመ። ክሩ የተቆረጠበትን ቦታ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

«አንዴም አልቆረጡትም?»

«እንዴት ብዬ! በወጣበት በር ይመለስልኝ ብዬ እኮ ነው።»

ከዚያ መቀሱን አቀበሉኝ። «ከመኪናው ጋር የያዘችውን የመጨረሻዋን ክር አንተ ቁረጥልኝ፤ እኔ አልችልም።»

ይኸው እጄ፣ ስንት ዘመን ክር ሲቆርጥ የኖረ፣ ያን ቀን እምቢ አለኝ።