ከተዝካር በፊት ቃሬዛ

በሁለት ሺህ አንድ ዓ.ም. ጥር ውስጥ፣ በአንድ ቅዳሜ ቀትር፣ አለነ አንድ ጆንያ ጌሾ በአህያ ጭኖ ከደባርቅ ገበያ ወደ ቡይት ራስ የሚወስደውን ዳገት ይወጣ ነበር። ያደከመው ዳገቱ ብቻ አልነበረም። ሦስት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ የዋሉትን እናቱን፣ እማሆይ አመተ ማርያምን፣ ብቻውን ሲያገላብጥ ወገቡ አልቋል፤ እውነቱን ለመናገር ልቡም አልቋል።

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ የትናየት አረፍ ብላ አገኛት። የትናየት የቀበሌው ጤና ሠራተኛ ናት፤ ካቶሊኮች ባቋቋሙት ትምህርት ቤት የተማረች ልጅ። ሰላምታው ሲያልቅ ጌሾው ለምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ለተዝካር።»

«ነፍስ ይማር። ማን ዐረፈብዎ?»

«እናቴ» አለና የአህያውን ጭነት እያስተካከለ፣ «ገና ናት እንጂ። ፋሲካ ሲቃረብ ጌሾ ይጠፋል ብዬ ነው» አላት።

የኛ ሰው ለሙት ሲሆን እጁ አያጥርም። ሲሞት ወይፈን የሚጣልለት ሽማግሌ፣ በታመመ ጊዜ አንድ ኩባያ ወተት የሚያቀምሰው አጥቶ ይከርማል። ይህን ክፋት ነው የሚል የለም፤ ወግ ነው ይባላል።

የትናየት ስለ እማሆይ ሕመም ጠየቀች። አለነም ትኩሳትና ሳል ከያዛቸው አራት ቀን እንደሆነ፣ ጀርባቸው እንደቆሰለ፣ እህል እንደዘጋቸው ነገራት። ጤና ጣቢያ ያላወረዳቸውም የመንደሩ ቃሬዛ የሚወጣው ምጥ ለጠናባትና ከገደል ለወደቀ ብቻ ስለሆነ ነው። አምና ለሽማግሌ አባቱ የጠየቀ ሰው መሳቂያ ሆኖ ቀርቷል።

«ሰማንያ አልፏታል። እሷም ፈጣሪን ውሰደኝ እያለች ትለምናለች። ጊዜዋ ደርሶ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?»

«ጊዜያቸውን የሚያውቀው ነፍስ የሰጣቸው ነው፣ አያ አለነ። ደርሶም ከሆነ ይሂዱ፤ ሞትን እንከልክል አላልኩም። ግን ተርበው፣ ቆስለው፣ ሰው ተሰላችቶባቸው አይሂዱ። በማህፀን ያለው ጽንስም፣ አልጋ ላይ የቀሩት እማሆይም በፈጣሪ ፊት እኩል ናቸው።»

«ይኸ የካቶሊክ ትምህርት ነው።»

«እዚያ ነው የተማርኩት፤ አልደብቅዎትም። የንስሐ አባትዎ አባ ወልደ ሩፋኤልስ እናትህን አክብር ሲሉ ሌላ ነገር ይላሉ?»

አለነ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ለቁጣውም አቅም አጣ።

«እማሆይ ሲያርፉ ስንት ሰው ይሸከማቸዋል?» አለችው።

«መንደሩ በሙሉ ነዋ። ማን ይቀራል?»

«በምን?»

«በቃሬዛው።»

«ታዲያ ያው እንጨት፣ ያው ትከሻ ነው። በሕይወት ሳሉ ቢሆን ምን አለበት?»

አለነ ወደ አህያው ዞሮ ጆንያውን ተመለከተ። እፍረቱ ፊቱ ላይ ወጣ።

«ደክሞኛል፣ የትናየት። እንድትሞትልኝ የተመኘሁበት ቀን አለ።»

«መድከም ኃጢአት አይደለም። ጥፋቱ ብቻዎን መሸከምዎ ነው» አለችው።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ አለነ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ ቃሬዛውን ለመነ። ሰዉ አንገራገረ፤ አንዳንዱም ሳቀ። እሱ ግን ያቺኑ የየትናየትን ጥያቄ መልሶ ጠየቃቸው፤ «ስትሞት የምትሸከሟት እናንተ አይደላችሁም?» ቀስ በቀስ ስምንት ወንዶች ተነሡ።

ተሸክመው ጤና ጣቢያ ሲያደርሷቸው በሽታው የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ። እማሆይ በሁለት ሳምንት ተሽሏቸው በዚያው ቃሬዛ ተመለሱ። እግራቸው አልተፈታም፤ ጀርባቸው ግን ጠገገ። ጎረቤታቸው ወርቄና ሌሎች የመንደሩ ሰዎች እሳቸውን ማገላበጡን በተራ ያዙት፤ አለነም ከሦስት ዓመት በኋላ እንቅልፍ ጠገበ። ቃሬዛውም ከዚያ ወዲህ ለታመመ ሁሉ ይወጣል፤ ዕድሜ የሚጠይቅ የለም።

ጌሾው ለተሸካሚዎቹ ጠላ ተጠመቀበት። እማሆይ ትራስ ተደግፈው ቀመሱና ለማን ተገዝቶ እንደነበር ጠየቁ። አለነ መዋሸት አልሆነለትም።

«ለተዝካርሽ ነበር፣ እማ።»

እማሆይ በጣሳው የቀረችውን ጨለጡ።

«ሞቼ ቢሆን ማን ያቀምሰኝ ነበር?» አሉና ጣሳውን እንዲሞላላቸው ዘረጉለት።