በሱሉልታ ጠፋ ስለተባለው ካሜራ የአሥራት ሀብተየስ ቃል

ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ኅዳር 17 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል
ቦታ፦ ሱሉልታ፣ ፖሊስ ጣቢያ
የቃል ሰጪው ስም፦ አቶ አሥራት ሀብተየስ
ዕድሜ፦ 34 ዓመት
ሥራ፦ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና መኪና ጠጋኝ
አድራሻ፦ ሰበታ፣ በጅማ መንገድ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ተድላ ካሳሁን

ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት ሳልጠራ በራሴ ፈቃድ ነው። የመጣሁበትም ምክንያት፣ ካሜራዬን ሰርቋል ተብሎ ትናንት ታስሮ የገባው ሞቱማ ኦላና ያልሰረቀ መሆኑን ለማስረዳት ነው። የምሰጠው ቃል እኔን ራሴን ሊያስጠይቀኝ እንደሚችል ሃምሳ አለቃው አስቀድመው ነግረውኛል። ይህን ከሰማሁ በኋላ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ።

ካሜራው የእኔ ነው። ፋብሪካው ለአራት ወር ትምህርት ወደ ቦምቤይ ልኮኝ ስመለስ፣ ጥቅምት 28 ቀን አውሮፕላኑ በኤደን ከተማ ለሁለት ሰዓት ያህል ቆመ። ከአውሮፕላን ጣቢያው እንዳንርቅ ስለተነገረን በአዳራሹ ውስጥ ያሉትን ሱቆች እየዞርኩ ሳይ በአንዱ የቆዳ ማኅደር ያለው የጀርመን ሥራ ካሜራ አገኘሁ። ሻጩ አህመድ የሚባል፣ ድሬዳዋ ያደገ፣ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ነበር። ዋጋው የሦስት ወር ደመወዜን የሚያህል ስለሆነ መልሼለት ወጣሁ። ሁለት ጊዜ ወጥቼ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ልወጣ ስል ወደ አውሮፕላኑ እንድንገባ ጥሪ ተሰማ። አህመድ ካሜራውን አንገቴ ላይ አንጠልጥሎ፣ «እዚህ ቀረጥ የለም። አገርህ ስትገባ ኮት ደርብበት» አለኝ። ገንዘቡን ሰጥቼው ሮጥኩ። ስደርስ የአውሮፕላኑ መሰላል ሊነሣ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ፍርሃት ተለይቶኝ አያውቅም። ቦሌ ስወርድ ካሜራውን በግራ ብብቴ ሥር አስሬ ኮት ደረብኩበት። የጉምሩኩ ሰው የማስመዘግበው ዕቃ እንዳለ ሲጠይቀኝ ከልብስ በቀር የለኝም አልኩ። ክንዴን አጣብቄ መያዜን አይቶ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ የሽመና መኪና መታኝ ብዬ መለስኩ። «እግዚአብሔር ይማርዎ» ብሎ ሻንጣዬን ራሱ አነሣልኝ። ቀረጥ ሳልከፍል ያስገባሁ መሆኔን አምናለሁ።

በሳምንቱ፣ አብሮኝ ከተላከው ሠራተኛ ቤት ያልተመዘገበ ራዲዮ ተገኝቶ በጉምሩክ ሰዎች መወሰዱን ፋብሪካው ውስጥ ሰማሁ። ስለዚህ ካሜራውን ከሰበታ ለማራቅ ብዬ፣ ለኅዳር ሚካኤል በዓል ቅዳሜ ኅዳር 12 ቀን ከባለቤቴ ከወይዘሮ ሸዋነሽ ጋር ሱሉልታ ወላጆቿ ቤት ይዤው መጣሁ። አባቷ ኦቦ ኢቲቻ ይባላሉ፤ ገበሬ ናቸው። አማቴ ወይዘሮ ድንቅቱ ይባላሉ። በእኛ ዘንድ አማት ከልጇ ባል ጋር ትተፋፈራለች። ስድስት ዓመት በትዳር ስንኖር እኔና አማቴ ፊት ለፊት ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። የምንባባለውን ሁሉ የምታመላልሰው ባለቤቴ ናት።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡን ፎቶ አነሣሁ። ጎረቤታቸው ሞቱማ ድርቆሽ እያጨደ ነበርና ማጭዱን እንደያዘ መጥቶ ካሜራውን እንዳሳየው ለመነኝ። አንገቱ ላይ አጥልቆ ለተሰበሰቡት ሴቶች፣ «እስቲ ንገሩኝ፣ አሁን የምታገቡት እኔን ነው ወይስ ካሜራውን?» አለ። ከሴቶቹ አንዷ፣ «እሱን አስቀምጥና ሂድ» ስትለው ሁሉም ሳቁ። ሞቱማ ካሜራውን በሁለት እጁ ይዞ መለሰልኝ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው አይቷል።

ማታ ራት ላይ የቦሌውን ነገር ኦቦ ኢቲቻን አጫወትኳቸው። ቢይዙኝ ከሥራ እንደምባረር፣ ምናልባትም እንደምታሰር ተናገርኩ። ከዚያ አማቴ ጓዳ ስለነበሩ ለባለቤቴ፣ «ለእናትሽ ንገሪያቸው። ማንም ቢጠይቃቸው ካሜራ አላየሁም ይበሉ። እኔም ራሴ ብጠይቃቸው አላየሁም ይበሉ» አልኳት። ይህን ያልኩት ለቀልድ ነው። እኛ ሳቅን። ከጓዳ ግን የሳቅ ድምፅ አልመጣም።

ባለቤቴም በዚያው ፋብሪካ ስለምትሠራ እሑድ ወደ ሰበታ ተመለሰች፤ እኔ ፈቃድ ላይ ስለነበርኩ ቀረሁ። ሰኞ ኅዳር 14 ቀን ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወንዝ ወርጄ ስታጠብ፣ አንድ ላንድሮቨር መኪና መጥቶ ከኦቦ ኢቲቻ በር ላይ ሲቆም አየሁ። ካኪ የለበሱ ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንደኛው መዝገብ ይዟል። የጉምሩክ ሰዎች ናቸው ብዬ ከቁጥቋጦ ሥር ተጋደምኩ፤ እስኪሄዱም አልተነሣሁም። ቤት ስገባ ኦቦ ኢቲቻ ለፈረስ የሚሆን ድርቆሽ የሚገዙ ሰዎች መሆናቸውንና ከበር እንዳላለፉ ነገሩኝ። ልብሴ ላይ ያለውን ጭቃ አይተው ጠየቁኝ፤ አዳልጦኝ ነው አልኩ። ካሜራው ከተሰቀለበት ምሰሶ ላይ አልነበረም።

ቤቱን ሁሉ በርብሬ ሳጣው ባለቤቴ ስለሌለች ጓዳው በር ላይ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ካሜራው የት እንደገባ ጠየቅሁ። አማቴ ከውስጥ፣ «አላየሁም» አሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ በቀጥታ ከእሳቸው የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ባላቸው ሲጠይቋቸውም ያንኑ መለሱ።

የጉምሩኩን ነገር ረስቼ በንዴት ለአካባቢው ጭቃ ሹም ለአቶ ደገፋ ካሜራ ተሰረቀብኝ ብዬ አመለከትኩ። እሳቸውም ማክሰኞ ጧት አውጫጪኝ ጠሩ። ይህም ሌባው እስኪታወቅ ድረስ የአገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ የማይበተንበት የቆየ ልማድ ነው። ስድሳ ያህል ወንዶች ተቀመጡ። ኦቦ ኢቲቻም በሰባ ዓመታቸው አብረዋቸው ተቀመጡ። እኔ ባለ ንብረት ስለሆንኩ ከጭቃ ሹሙ አጠገብ በርጩማ ተሰጠኝ። ከሰዓት በኋላ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። ያልተከመረው ድርቆሽ ሁሉ ዓይናቸው እያየ ረጠበ፤ ተነሥቶ የሚሰበስብ ሰው አልተፈቀደም። «የእኔ ጌታ፣ ያ ዕቃ ስንት በሬ ያወጣል?» ብሎ አንድ ሽማግሌ ጠየቀኝ። አቤቱታዬን ልተው አሰብኩ። ነገር ግን ካሜራውን ከየት እንዳመጣሁት ብጠየቅ ምን እላለሁ ብዬ ፈራሁና ሐሳቤን ለወጥኩ።

ሰዎቹ በሜዳው ካደሩ በኋላ ረቡዕ ጧት አቶ ደገፋ ወደ ጎን ጠርተውኝ ካሜራውን ከእኔ ሌላ የነካው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሞቱማ ነክቶት ነበር አልኩ። ይህን ብቻ ነው ያልኩት። አሳይቶ እንደመለሰልኝ አልጨመርኩም። በአውጫጪኝ ሌባውን በስውር የሚጠቁም ሰው ወፍ ይባላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አቶ ደገፋ ቆመው ወፍ ሞቱማን ጠቁሟል ብለው ተናገሩ። ከእኔ በቀር ማንም ወደ እሳቸው ሲቀርብ አላየሁም። ወፉ እኔ መሆኔን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ሞቱማን የፊጥኝ አሰሩት። እሱም ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ አሥራት፣ መልሼልህ የለም እንዴ? ንገራቸው እንጂ» አለ። እናቱ ወይዘሮ ወርቅቱ ጭቃው ላይ ተንበርክከው እግሬን ያዙ። እግሬን አስለቅቄ ሄድኩ።

ባለቤቴ አባቷ ሜዳ ላይ መዋላቸውንና ማደራቸውን ከጭነት መኪና ነጂ ሰምታ ዛሬ ከጧቱ 4 ሰዓት መጣች። ወደ ጓዳ ገብታ ከእናቷ ጋር ጥቂት ቆየችና ወጥታ ወደ ጎተራው ወሰደችኝ። ካሜራው በገብስ ጎተራው ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ክንድ ሙሉ ጥልቀት ላይ ነበር። አማቴ ሰኞ ጧት ላንድሮቨሩን ሲያዩ፣ ካሜራ የሚፈልግ ሰው ድርቆሽ እገዛለሁ ብሎ ይመጣል እንጂ ምን ብሎ ይመጣል ብለው ደብቀውታል። እኔ ስጠይቃቸው እንዳዘዝኳቸው መለሱ። ባላቸውን የነገሩ እንደሆነ ገበያ ላይ ያወሩታል ብለው ሰጉ። ወንዱ ሁሉ ሜዳ ላይ ሲያዝም፣ መንግሥት እኔን የሚፈልግ መስሏቸው፣ ባላቸው በዝናብ ሲመቱ እያዩ ለእኔ ብለው ዝም አሉ። እኔ ለራሴ የፈራሁትን ያህል እሳቸውም ለእኔ ፈርተዋል።

ካሜራውን ከማኅደሩ ጋር ለሃምሳ አለቃው አስረክቤአለሁ። ፊልሙ አልወጣም፤ ቢታጠብ ሞቱማ ካሜራውን መልሶልኝ ማጭዱን ይዞ ሲስቅ ያነሣሁት ፎቶ ይገኝበታል።

ወደዚህ ስንመጣ ካሜራውን በቅርጫት ይዘው ፊት ፊት የሚሄዱት አማቴ ነበሩ። ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ባለቤቴ ከኋላችን ቀርታ ስለነበር መካከላችን ማንም አልነበረም። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ «እዚህ ሲጠይቁኝስ ምን ልበል?» አሉኝ። ያዩትን ይበሉ ብዬ መለስኩ።

ይህ ቃል ከአፌ እንደወጣ የተጻፈ ነው። ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ የሚጨመርም የሚቀነስም የለውም። ሐሰት ቢገኝበት በሕግ ልጠየቅ ፈቅጄ ፈርሜአለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ አሥራት ሀብተየስ
ካሜራው ከጎተራ መውጣቱን ያረጋገጡ፦ ወይዘሮ ድንቅቱ (የአውራ ጣት አሻራ)፣ ወይዘሮ ሸዋነሽ ኢቲቻ (ፊርማ)
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ተድላ ካሳሁን (ፊርማ)

ማስታወሻ፦ ሞቱማ ኦላና በዚሁ ዕለት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ተለቆ ከእናቱ ጋር ሄዷል። ቃል ሰጪው የቀረጡ ጉዳይ እስኪጣራ ድረስ ሞቱማ በወጣበት ክፍል እንዲቆይ ተደርጓል። ወይዘሮ ድንቅቱ ወደ ቤት እንዲመለሱ ቢነገራቸው፣ አማቻቸው ሳይወጣ እንደማይሄዱ ገልጸው በር ላይ ተቀምጠዋል።