የአናጢው ወንድሜ ዜና ሕይወትና ያልተነበበችላቸው አንቀጽ

ልትሸኟቸው የመጣችሁ ወገኖቼ፣ ይህን የማነበው ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ታናሽ ወንድማቸው ነኝና፣ ብደነቃቀፍ እግዚአብሔር ያቃናልኝ።

ወንድሜ ከአናጢ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን የዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ቢማሩም፣ ከደብተሩ ይልቅ እንጨቱ ስለሳባቸው የአባታችንን መላጊያ ይዘው ወጡ፤ ቆይተውም በአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ በመጋዝ ሠራተኝነት ተቀጠሩ። እዚያም በጎናቸው ባለው ማሽን ላይ ከሚሠሩት ባልደረባቸው ጋር እንደ አንድ እናት ልጅ ሆኑ፤ ባለቤታቸውን ሲያገቡም ሚዜያቸው እኚሁ ሰው ነበሩ።

በሠላሳ አራት ዓመታቸው፣ የመጋዙ መከለያ ሥራ ያዘገያል ተብሎ በአለቃው ትእዛዝ በተነሳበት ቀን፣ የቀኝ እጃቸው አራት ጣቶች ተቆረጡ። የዚያን ጊዜው ሕግ ጥፋቱ የአሠሪው መሆኑን ተጎጂው ራሱ ያስረዳ ስለሚል፣ መከለያውም በማግስቱ ተመልሶ ስለተገጠመ፣ ዳኛው በባዶ እጅ አሰናበቷቸው። እሳቸው ግን፣ "ኧረ ባዶ እጅስ በተገኘ፣ እኔን ያሰናበቱኝ በግማሽ እጅ ነው" እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ከዚያ በኋላ በግራ እጃቸው መጻፍ ለምደው፣ በጥበቃ ሥራ ልጆቻቸውን እያሳደጉ፣ ሕጉ እንዲለወጥ ሃያ ሁለት ዓመት ደጅ ጠኑ። ሚዜያቸው የሠራተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር ሲሆኑ በየስብሰባው ይዘዋቸው እየሄዱ፣ "በል እጅህን ጠረጴዛው ላይ አድርግላቸው" ይሏቸው ነበር፤ እሳቸውም ሳያፍሩ ያደርጉ ነበር። ባለቤታቸው፣ "ለመሆኑ ያገባኸው እኔን ነው ሕጉን?" ሲሏቸው፣ "አንቺን በቀኜ፣ እሱን በግራዬ" ብለው ያስቋቸው ነበር።

ማኅበሩ ከአሠሪዎቹ ጋር የተደራደረበት የአዲሱ ሕግ ረቂቅ ሲያልቅ፣ የወንድሜ ዓይን ደክሞ ስለነበር፣ ሚዜያቸው እቤታቸው መጥተው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡላቸው። እንዲያ መስሎን ነበር። ሕጉ ወጥቶ ጋዜጣ ላይ ሲታተም ግን ትልቋ ልጃቸው አንዲት አንቀጽ አገኘች፤ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የደረሰን ጉዳት አይመለከትም ትላለች። ሚዜያቸው ሲጠየቁ፣ "አሠሪዎቹ ያለዚያች አንቀጽ አንስማማም አሉ፤ ለሚመጡት ስል ተቀበልኩ፤ ፊትህን እያየሁ ማንበብ ግን አቃተኝ" አሉ።

ወንድሜ አልተሳደቡም። "አንብበህልኝ ቢሆን እኮ እኔው እሺ እልህ ነበር" ብቻ አሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺን የተጎዳች እጃቸውን ለሰው ሁሉ ሲዘረጉ፣ ለሚዜያቸው ግን ኪሳቸው ውስጥ ይከቷት ነበር። በአዲሱ ሕግ ካሳ ያገኙ ሠራተኞች ሊያመሰግኗቸው ሲመጡ በደስታ ተቀብለው፣ እንግዶቹ ሲወጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሐሙስ ጠዋት ዐረፉ። ታሪካቸውን እንዳነብ ሲያዙኝ፣ "አደራ፣ አንድም መስመር እንዳትዘል" ብለውኛል፤ ይኸው አልዘለልኩም።

ወንድሜ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጃቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል፤ እሱንም አስገባው ብለው ባዘዙኝ መሠረት፣ ከኋላ የቆሙትን ሚዜያቸውንም። እንደዚያች አንቀጽ "ከዛሬ ወዲህ" ብቻ የማይል፣ የኋላውንም ሁሉ የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ ያቺንም እጅ ሙሉ አድርጎ ይያዛት። አሜን።