የከሳሁበት ምክንያት

ከልጅነቴ ጀምሮ ወፍራም ነበርኩ። ባለቤቴ ሞታ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ እንኳ አንዱ «ሐዘን ተስማማው» ሲል ሰምቻለሁ። ከወራት በኋላ ለግማሽ ማራቶን ተመዝግቤ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት በየማለዳው ስሮጥ ከሳሁ።

ባለፈው ልጄን ይዤ ቡሬ አማቴ ዘንድ ሄድኩ። ገና በር ላይ ሲያዩኝ ደረታቸውን መቱ።

«እኔን! የልጄ ሐዘን እንዲህ ጨረሰህ?»

ሐዘኔ ገና አሁን ታየልኝ ብዬ ዝም አልኩ። ገብተን ማዕድ ሲቀርብ እያለቀሱ ያጎርሱኝ ጀመር፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ጎረስኩ።

«አያቴ፣ አባዬ እኮ ሩጫ ሲሮጥ ነው የከሳው!» አለች ልጄ።

ሊያጎርሱኝ የዘረጉት እጅ አፌ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

«እንኳንም በጤናህ ሆነ» አሉና ጉርሻውን ለልጅቷ አጎረሷት።