እርሳሱን አጥፊው

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ በታሸገ ወረቀት ተያይዟል (በመሥሪያ ቤቷ “ላጲስ” በሚል ቅጽል ስም ትታወቃለች)
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ በአፈር ጥናት መሥሪያ ቤት የመረጃ ጸሐፊ
የቤተሰብ ሁኔታ፦ ባለትዳር፣ የአንዲት ሴት ልጅ እናት
አድራሻ፦ በመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ያሉት ሁለት ክፍሎች
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20 ጀምሮ

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር፣ የሐሰት ቃል መስጠት እንደሚያስጠይቀኝ ተነግሮኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃሌን ሰጥቻለሁ።

በመሥሪያ ቤቱ ስሠራ ስድስት ዓመቴ ነው። ሥራችን የከተማውን የላይኛውን አፈር፣ ማለትም ከሣሩ ሥር እስከ አንድ ስንዝር ድረስ ያለውን፣ እየለካን እንደ እርሳስ፣ ካድሚየምና አርሰኒክ ያሉ ጎጂ ብረቶች በተፈጥሮ ምን ያህል እንዳሉበት በካርታ ላይ ማስፈር ነው። አፈሩ ከድሮውም የያዘው ይህን ያህል ነው ተብሎ ካልታወቀ፣ በኋላ ሰው የጨመረበትን መለየት አይቻልም። ከተማው በ212 አራት ማዕዘን ተከፋፍሎ ከእያንዳንዱ አንድ ነጥብ ይወሰዳል። በአካባቢያችን በአንድ ኪሎ አፈር ውስጥ ያለው እርሳስ ከ20 እስከ 35 ሚሊግራም ሲሆን፣ በካርታው ላይ አረንጓዴ ይቀባል።

ላቦራቶሪው የመጀመሪያውን ልኬት በቅጹ ላይ በእርሳስ ይጽፋል። ናሙናው ሁለተኛ ተለክቶ ሲረጋገጥ ቁጥሩ በእስክሪብቶ ይሰፍራል፤ የእርሳሱን ጽሑፍ ደግሞ እኔ አጠፋለሁ። ቅጽል ስሜ የመጣው ከዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳጠፋ ስለምውል ቀሚሴ ላይ የላጲስ ፍርፋሪ አይጠፋም። በእኛ ቢሮ እርሳስ ሁለት ስለሆነ ቀልዱም አያልቅም ነበር። “እርሳስ አለሽ?” ለሚለኝ ሁሉ “የቱን ልስጥህ፣ የሚጽፈውን ወይስ የሚመርዘውን?” እል ነበር። አሁን አያስቀኝም።

የዛሬ ሦስት ወር ገደማ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ የ47ኛው ነጥብ ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ነጥቡ ያረፈው በመዋዕለ ሕፃናቱ መጫወቻ ሜዳ ላይ ነው። በእርሳስ ረድፍ ላይ 1140 የሚል ቁጥር በእርሳስ ተጽፏል። የላቦራቶሪው ባለሙያ ሲጽፍ ጫን ስለሚል ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አይቀረውም። በእስክሪብቶ የተጻፈ ግን አልነበረም። ቅጹን ይዤ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ኃላፊው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ቤትም ቢሮም ጋሼ ነው የምላቸው። የሜዳው ቦታ ድሮ እርሳስ ያለበት የመኪና ባትሪ የሚጠገንበት ነበር። ንጹሕ ነው ተብሎ ለመዋዕለ ሕፃናቱ የተሰጠው በእሳቸው ፊርማ ነው። ቁጥሩን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠርገው መልሰው አደረጉት፣ እንደገና አዩት።

“እርሳሱን አጥፊው” አሉኝ።

“ጋሼ፣ ሁለተኛው ልኬት እኮ ገና አልመጣም” አልኳቸው።

“አጥፊው አልኩሽ እኮ። ካርታው ነገ ይፈለጋል።”

ተመልሼ አጠፋሁት። ባዶ የቀረ ነጥብ በዙሪያው ባሉት ነጥቦች አማካይ ስለሚሞላ ኮምፒውተሩ 31 ብሎ ሞላው። ሐሙስ ካርታው ሲታተም ሜዳው አረንጓዴ ሆነ። ባለፈው ሳምንት እዚያው መዋዕለ ሕፃናት የሚውሉ የሁለት ሕፃናት ደም ተመርምሮ እርሳስ እንደተገኘበት፣ ወላጆቻቸውም ለፖሊስ እንዳመለከቱ ሰማሁ።

ኃላፊው “አጥፊው” ሲሉ ምን ማለታቸው መስሎኝ እንደነበር ተጠይቄ፣ የሚጻፍበትን እርሳስ ማለታቸው መስሎኝ ነው፤ የዘወትር ሥራዬ ስለሆነ ሌላ ነገር አላሰብኩም ብያለሁ።

በዚህ ጊዜ መርማሪው የመዋዕለ ሕፃናቱን የስም መቆጣጠሪያ አውጥተው “ታዲያ ልጅዎ ከማግስቱ ጀምሮ ለምን ቀረች?” አሉኝ። ከልጄ ስም ትይዩ ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ የቀሪ ምልክት ተደርጓል። ጉንፋን ይዟት ነው አልኩ። “ሦስት ወር ሙሉ?” አሉኝ። ውሃ ጠየቅኩ፤ ተሰጠኝ።

ውሃውን ከጠጣሁ በኋላ ስለ “አጥፊው” የሰጠሁት መልስና የጉንፋኑ ነገር እንዲሰረዝልኝ ጠየቅኩ። መርማሪው የተሰጠ ቃል አይጠፋም፣ የሚታረም ካለ ይጨመርበታል አሉኝ። ስድስት ዓመት ሳጠፋ ለኖርኩ ሰው ይህን መስማት ከባድ ነው። ከምስክርነት ወደ ተጠርጣሪነት ልዛወር እንደምችልም ነግረውኛል። ቢሆንም እጨምራለሁ።

ጋሼ ምን ማለታቸው እንደሆነ በደንብ ገብቶኛል። ያጠፋሁት ሁለቱንም እርሳስ ነው። በዚያው ረቡዕ ከቀኑ 9፡30 ላይ ልጄን ልወስድ ስሄድ ሜዳው መሀል ተቀምጣ በጣሳ አፈር እየሞላች ስትገለብጥ አገኘኋት። እዚያው ተንበርክኬ እጇን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩ፣ ጥፍሯን አንድ በአንድ አጸዳሁ። ተንከባካቢዋ “ኧረ የኔ እናት፣ አፈር እኮ ነው፣ ይለቃል” ብላ ሳቀችብኝ። ሌሎቹ ልጆች እዚያው እየተጫወቱ ነበር። የራሴን ብቻ አቅፌ ወጣሁ። ከሁሉም የማፍረው በዚህ ነው። ከታመሙት ልጆች የአንደኛው እናት መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር “ልጅሽ ተሻላት ወይ?” ትለኛለች፤ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ።

ዝም ያልኩት የምሄድበት ስለሌለኝ ነው። ግቢው በሩ አንድ ነው፤ ስወጣም ስገባም በጋሼ መስኮት ፊት ነው የማልፈው። ቢሮ ስደርስም ወንበሬ ከበራቸው ትይዩ ነው። ባለቤቴን እንደ አባት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ጉዳዩን ስነግረው “ወንድሜን አሳስረሽ የት ልንገባ ነው?” አለኝ።  ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ ጋሼ በሩ ላይ ጠብቀው “እርሳስ ማለት የሚጻፍበት ነው። ሌላ ምን እርሳስ አለ?” ብለውኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ እርሳስ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው።

ቅጹን አልጣልኩትም። ቤት ወስጄ መሳቢያዬ ላይ ከተነጠፈው ወረቀት ሥር ደብቄው ስለነበር ዛሬ ይዤ መጥቼ ለመርማሪው አስረክቤአለሁ። ላጲስ ጥቁረቱን እንጂ የተጫነውን አያነሳም። መርማሪው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዘንብለው በፊቴ “አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ” ብለው አንብበውታል። ሜዳው ዛሬም ክፍት ነው። ልጆቹ ለዕረፍት የሚወጡት 4፡30 ላይ በመሆኑ ቃሌ ተጽፎ ሳያልቅ እንዲደወል ለመንኩ። መርማሪው 4፡10 ላይ ደውለው ልጆቹ ከክፍል እንዳይወጡ ነግረውልኛል።

ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ የዋሸሁትም፣ በኋላ ያረምኩትም በራሴ አንደበት የተነገረ ነው። ከላይ ያስመዘገብኩት አድራሻ እስከ ዛሬ ጠዋት ትክክል ነበር። ከዚህ በኋላ መጥሪያ ወደዚያ እንዳይላክብኝ እጠይቃለሁ፤ ከልጄ ጋር የምናርፍበትን ሳገኝ ራሴ መጥቼ አስመዘግባለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ተፈርሟል
ያበቃበት ሰዓት፦ 4፡55